በእጄ ጀርባ ያወቅሁት ሙቀት

ወሬው የደረሰኝ ከወተት ጋር ነው። መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ፣ የከድር እናት ከሳጉሬ በኩል እንደ ልማዷ የወተት ቅሏን ተሸክማ በራፌ ላይ ቆመች። ወተቱን ግን አልቀዳችልኝም።

«እትዬ፣ ያንቺ ጋቢ ወፍራም ነው። ለመንገድ አውሺኝ» አለች። «ከድርን አዲስ አበባ ውሰጂው አሉኝ። እግሩን ሊቆርጡት ነው።»

«የቱን እግር?» አልኳት።

የቱን እንደሆነ አውቅ ነበር።

«ቀኙን። ጭኑ ውስጥ አጥንት በቅሏል ይላሉ። ክፉ በሽታ ነው፣ ካንሰር ነው ብለው ፈርተዋል። ያ ረቢ፣ ሥጋ ውስጥ አጥንት ይበቅላል እንዴ? አንቺ ጸሎት ታበዢያለሽ። አንቺም ባንቺ በኩል፣ እኔም በኔ በኩል እንለምን።»

ጋቢውን ከሣጥን አወጣሁ። በደንብ አጣጥፌ ሰጠኋት።

ይህን የምጽፈው የሯጭ ወይም የኳስ ተጫዋች እናት ለሆናችሁ፣ በየሠፈሩ የደከመ እግር ለምታሹ፣ ታሽቶ ይባስ ብሎ ላበጠባችሁ ሰዎች ነው። የታመመው እኔ አይደለሁም። የታመመውን ያሸሁት ግን እኔ ነኝ።

አገሬ ጎጃም ነው። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ወደ አሰላ ሲዛወር አብሬው መጣሁ። በሦስተኛው ዓመት ሞተብኝ። ወደ አገሬ መመለሱም እንደ መምጣቱ ከበደኝና እዚያው ቀረሁ። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው፤ ከጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ስምንት ሯጮች በአንድ ግቢ ሰፍረው ይለማመዱ ነበርና እኔ ወጥ ቤታቸው ሆኜ ተቀጠርኩ። አሰልጣኛቸው ከጦር ሠራዊት የወጣ ሰው ነበር፤ ሁላችንም አሥር አለቃ እንለው ነበር።

ልጆቹ በየማለዳው ወደ ጭላሎ አቅጣጫ ሽቅብ ሮጠው እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ይመለሱ ነበር። ባታቸው እንደ እንጨት ይደርቃል። ደረጃ ሲወርዱ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይይዛሉ። አባቴ በአገራችን የታወቀ ወጌሻ ስለነበር፣ ወንድም ስላልነበረኝም፣ ሥራውን ያሳየኝ ለእኔ ነው። አንድ ቀን እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስነክሬ፣ በኑግ ዘይት ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በመዳፌ ቀስ እያልኩ አሸኋቸው። በማግስቱ ደረጃውን እየዘለሉ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ከልምምድ በኋላ አግዳሚው ላይ ተራ ይዘው የሚቀመጡ ሆኑ። አሥር አለቃም «ሌላው ቡድን ወጌሻ አጣሁ እያለ ያለቅሳል፤ እኛ እትዬ የሺ አለችን» ብሎ በሰው ፊት አመሰገነኝ። የተሰማኝ ኩራት ነበር። እኔ ግን በረከት ነው አልኩት።

አሉባልታም መጣ። ባሏ የሞተባት ሴት የጎረምሳ እግር ታሻለች ተባለ። የንስሐ አባቴ ጠርተው ሥርዓት አበጁልኝ፤ ከጉልበት በላይ እንዳልነካ፣ በር እንዳልዘጋ፣ ሰው ሳያይ እንዳላደርገው። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

አባቴ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነበረ። «ከማሸትሽ በፊት በእጅሽ ጀርባ ዳብሺው። ከሌላው ገላ ከሞቀ ተዪው። ውስጡ ደም ፈስሷል። ደም አይታሽም» ይለኝ ነበር።

ሁለቱንም ሕግ በአንድ ቀን አፈረስኩ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። ከድር ገና ሃያ ያልሞላው፣ ከሁሉም ፈጣኑ ልጅ ነበር። ጭጋግ በሸፈነው መንገድ ላይ ሲሮጥ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ የጋሪው እንጨት ቀኝ ጭኑን መታው። አዲስ አበባ ላይ ለሚደረገው ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። አሥር አለቃ ከሰማ እንደሚያስቀረው ስላወቀ ሳያነክስ ጥርሱን ነክሶ ገባ። በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ ማድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

«እትዬ፣ ጭኔ ተሳስሯል። ይፍቱልኝ» አለኝ።

«ከጉልበት በላይ እንደማልነካ ታውቃለህ።»

«ዛሬ ጉልበቴ እዚህ ነው» ብሎ የጭኑን መሐል አሳየኝ።

ሳቅሁ። በሩን ዘጋሁ።

በእጄ ጀርባ ዳበስኩት። ሞቀኝ። ሌላኛውን ጭኑን ዳበስኩ። ቀዝቃዛ ነበር። አወቅሁ። ቢቀር ቡድኑ እንደሚሸነፍ፣ ቢድን ግን በእትዬ የሺ እጅ ዳነ እንደሚባል አሰብኩ። ውኃ አፈላሁ። በጨርቅ ተኮስኩት። በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። እጅጌውን ነክሶ ቻለው።

ሦስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ቅቤ የፍስክ ነው ብዬ አልነካሁም፤ ያን ያህል እጠነቀቅ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሲወጣ አስማልኩት። «ማንም እንዳይሰማ። በምን ትምላለህ?»

«በአላህ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጭኑ ተወጥሮ አበራ። ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ግቢው ውስጥ እጃቸውን ለመታጠብ ተሰልፈው ሳሉ አሥር አለቃ አየው።

«ምን ነካህ?»

«እንዲሁ ነው ያመመኝ» አለ ከድር። የጋሪውን ቢናገር የኔም እንደሚከተል ገብቶት ሁለቱንም ዋጠ።

«እዚህ ውስጥ ይህን እግር የነካ ሰው አለ?»

የውኃውን ጆግ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እኔ ለቀጣዩ ልጅ እጅ ውኃ አፈሰስኩ።

አሥር አለቃ ከድርን ወደ እናቱ ቤት ላከው። እብጠቱ እየጎደለ ሄደ። በምትኩ ጭኑ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር መጣ። እናቱ በአምስተኛው ሳምንት ሆስፒታል አስተኛችው። ራጅ ሲነሣ ከአጥንቱ ጎን ሌላ የአጥንት ጥላ ታየ። መመታቱን የተናገረ የለም፤ መታሸቱን የተናገረ የለም። እንዲሁ በቅሎ ለተገኘ አጥንት ሐኪሞች መጀመሪያ የሚፈሩት ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለውን የአጥንት ካንሰር ነው። አዲስ አበባ ሄዶ በዚያም ከተረጋገጠ፣ እግሩ ይቆረጣል።

እናቱ ይህን ነግራኝ ጋቢዬን ይዛ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ሰገድኩ። በሁለተኛው ቀን እስከ ሆስፒታሉ በር ሄጄ ተመለስኩ። ዘበኛው «ጠያቂ ነሽ?» ሲለኝ «አይ፣ ተሳስቼ ነው» አልኩት። በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቀለለኝ። ቀኖናዬን ስጠብቅ ጠየቁኝ።

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ነገ ጠዋት በአውቶቡስ፣ አባ።»

«ልጄ፣ ለእኔ የነገርሽኝ ለነፍስሽ ነው። እግሩ ግን ያለው ሐኪሙ እጅ ላይ ነው። ሂጂ። የኃጢአትሽን ፍትሐት ስትመለሺ ትወስጂያለሽ።»

ነጠላዬን እንኳ አላስተካከልኩም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር። ረዳቱ የሆነው ድሬሰር እያስተረጎመለት አዳመጠኝ። በምን እንዳሸሁ፣ ስንት ቀን፣ ከተመታ በስንተኛው ቀን እንደጀመርኩ ጠየቀኝ። ትራስ አምጥቶ እንዴት እንደተጫንኩ እንዳሳየው አዘዘኝ። አውራ ጣቴን ትራሱ ላይ አሳረፍኩ።

«ሲነኩት ሞቆ ነበር ወይ ይላል» አለ ድሬሰሩ።

«ሞቆ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከድር አልጋ ዘንድ ወሰዱኝ። እናቱ ጋቢዬን ለብሳ ከራስጌው ተቀምጣለች። ሐኪሙ በድሬሰሩ በኩል «ይህች ሴት የምትለው እውነት ነው?» ሲለው፣ ከድር ወደ ሐኪሙ አላየም። ወደ እኔ አየ።

«እትዬ» አለ፣ «ልናገር?»

እግሩ ሊቆረጥ ነው ተብሎም መሐላውን ጠብቆልኝ ነበር። አንገቴን ነቀነቅሁ። ያኔ ጋሪውንም ማድ ቤቱንም ተናገረ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ አየው። «የተመታ ጡንቻ ውስጥ ደም ሲጠራቀም ሄማቶማ ይባላል» አለ። «ያን በኃይል ሲያሹት አንዳንዴ ደሙ ወደ አጥንት ይለወጣል። ማዮሳይቲስ ኦሲፊካንስ ነው። ካንሰር አይደለም። ይህም ያ ሊሆን ይችላል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አይነካ። ሦስት ሳምንት እንጠብቅና ራጁን ደግመን እናነሣለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር አለ። ድሬሰሩ ሊተረጉምልኝ አመነታ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ከሦስት ቀን በፊት ብትመጪ ኖሮ ልጁ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ይተኛ ነበር አለ።»

የከድር እናት ተነሣች። ጋቢውን ከትከሻዋ አወረደች። እኔ አጣጥፌ እንደሰጠኋት አጣጠፈችው። ክንዴ ላይ አኖረችው። አልሰደበችኝም።

ሦስቱ ሳምንታት አለፉ። ሁለተኛው ራጅ ሲነሣ ያ የበቀለው አጥንት ዳር ዳሩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ጠርቶ፣ መሐሉ ባዶ ሆኖ ታየ። ካንሰሩ የሚጠነክረው ከመሐል እንደሆነ፣ ይኼኛው ግን ከዳር እንደሚጠነክርና ያም ደግ ምልክት እንደሆነ ሐኪሙ በጣቱ እያመለከተ አስረዳን። አዲስ አበባ መሄድ ቀረ። ከድር አልጋው ላይ ሆኖ «እንግዲህ ሦስት የጭን አጥንት ያለው ሯጭ ሆኛለሁ፣ ማን ይቀድመኛል?» ሲል ድሬሰሩ ሳቀ፤ እናቱ ግን ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ማገገሙ ቀርፋፋ ነበር፤ ከተመሳሳይ ሕመም መዳንን የምትጠባበቁ ሁሉ ይህን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሸትም፣ መተኮስም፣ ጉልበቱን በግድ ማጠፍም ተከለከለ፤ የተፈቀደለት ራሱ በፈቃዱ እስከሚያመው ድረስ ብቻ ማንቀሳቀስ ነበር፣ እርሱም በየቀኑ የጣት ያህል እየጨመረ። ገብሱ ሲታጨድ በከዘራ ወደ እናቱ ማሳ ዳር ወጣ፣ በጥምቀት ከዘራውን ጣለ፣ በልግ ሲዘንብ ሰንጋ የሚነዳ ሰው ያህል ፈጥኖ ይራመድ ጀመር፣ ዓመት ሲሞላውም ያ አጥንት አንሶ፣ ጉልበቱም እንደ ሌላኛው ሊታጠፍ ጥቂት ሲቀረው፣ ሐኪሙ ሩጥ አለው። ሮጠ። የቀድሞው ፍጥነቱ ግን አልተመለሰም፤ አዲስ አበባ ለውድድር የሄደው በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ነበር። ይህን ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

እናቱ ስድስት ወር ወተት አላመጣችልኝም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ መጥታ ምንም ሳትል ቀዳችልኝ። እሷንም፣ ያን ሐኪምና ድሬሰሩንም፣ ፍትሐቱን ያዘገዩብኝን የንስሐ አባቴንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አሥር አለቃ ሁሉን ሰምቶም አላባረረኝም። ከድር ወደ ግቢው የተመለሰ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሁሉም ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ሰበሰበ። «እትዬ፣ ባቴ ደክሟል፤ ዛሬ ጉልበቴ ቦታው ላይ ነው» አለኝ። በእጄ ጀርባ ዳበስኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ያኔ ነው ዘይቱን ያፈሰስኩት።

ማሸት ክፉ አይደለም። ለደከመ እግር እረፍት ነው። ከሩጫ በኋላ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ በመዳፍ፣ የሚታሸው ሰው እየተጫወተ እስከሚታሽ ድረስ ብቻ አድርጉት። እጅጌውን ከነከሰ አቁሙ። የተመታ፣ ያበጠ፣ የሞቀ ገላ ላይ እጃችሁን አታኑሩ፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ያደረጋችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የተደበቀ ነገር መድኃኒቱን ያሳስታል።

አሁን ልመናዬ በዚያ ግቢ ለነበራችሁት ለሰባታችሁ ነው። ዛሬ በየአገሩ ተበትናችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ታሪኩን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ «ከድር የተረፈው በእትዬ የሺ ጸሎት ነው» እንደምትሉ ሰምቻለሁ። ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እባካችሁ እንዲያ አትበሉ። አሥር አለቃ በጠየቀ ጊዜ ውኃ ታፈስልን ነበር በሉ። እግሩ ሞቆ እንደነበር ታውቅ ነበር፣ ሦስት ቀን አሸችው፣ ሊቆረጥ ነው ስትባልም ሌላ ሦስት ቀን ዝም አለች በሉ። እሱ ግን መሐላውን ጠበቀላት በሉ።