ወንድሜ የገባበት አዳራሽ

አርባ ምንጭ ውስጥ ስብሰባ ካለ ወንበሩ የእኔ ነው። ድንኳኑም፣ ባነሩም፣ የሻይ ዕረፍቱ ሳምቡሳም ብዙ ጊዜ ከእኔ ቤት ነው የሚወጣው። ሰው የሚያውቀኝ ግን በስፒከሮቼ ነው። እኔ ያዘጋጀሁት መድረክ ላይኛው ሰፈር ሼቻ ሲከፈት ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ያለ ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደ ምርቃት እቀበለው ነበር።

አንድ ወንድም አለኝ፤ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ በአምስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ዶርዜ፣ አባታችን በተወልን ግቢ ውስጥ ሸማ እየሠራ ይኖራል። አንዴ ያየውን ጥለት ሳይቆጥር ይደግመዋል። ሌላው ሸማኔ ሦስት ቀን የሚታገልበትን እሱ ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል። ጩኸት ግን አይችልም። ልጆች ሳለን ጸሎት ቤት ኪቦርዱ ሲከፈት ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ይወጣ ነበር። ሽማግሌዎች ጸለዩለት፤ ጎረቤትም የመሰለውን ስም አወጣለት። የሰው ፊት አያይም፣ ሲነኩት ይደነግጣል፣ የጠየቁት ካልገባው ዝም ይላል። እንግዳ ሲመጣ የምናገርለት እኔ ነበርኩ። "እንዲህ ማለቱ ነው" እላለሁ፤ ሰውየውም ወደ እኔ ዞሮ ወሬውን ይቀጥላል። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሁለተኛ ሥራዬ ይኼ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚችለው ያለም አይመስለኝም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሸማኔዎች ባዛር ሳዘጋጅ፣ ላስደስተው ብዬ፣ ምንም ሳልነግረው ስሙን በማይክራፎን አስጠራሁት። ምርጥ ሸማኔ ተብሎ እንዲሸለም ጎትጉቼ ያስወሰንኩት እኔ ነበርኩ። ዲጄው ሙዚቃውን ለቀቀው፣ ሰው አጨበጨበ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው ወደ መድረክ ሊያወጡት ሞከሩ። ወንድሜ እጃቸውን መንጭቆ ሮጠ፤ ሲሮጥም ባነሩን ይዞት ወደቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ማይኩን ተቀበልኩና "ይቅርታ፣ ወንድሜን ትንሽ አሞት ነው" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የእኔን ዝግጅት ደጅ አልረገጠም። ልጄን ስድር እንኳ አልመጣም፤ ራሱ የሠራውን ጋቢ ልኮ ቀረ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። ልጅ የምላት ስለምታንሰኝ ነው እንጂ ሠላሳ ሳይሞላት አይቀርም። ሸማኔዎችን ከሆቴል ባለቤቶችና ከልብስ ነጋዴዎች ጋር የሚያገናኝ የሁለት ቀን የገበያ ትስስር ጉባኤ ልታዘጋጅ ነው፤ የአዳራሹ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ገና ስንተዋወቅ እጄን ሳትጨብጥ፣ ጠረጴዛውን እያየች፣ "እኔ ኦቲዝም አለብኝ። ሲያናግሩኝ ፊትዎን ካላየሁ ንቄዎት አይደለም። በደንብ የምሰማው እንደዚያ ሲሆን ነው" አለችኝ። ስልክ ቁጥሯን እንደምትነግረኝ ያህል ቀለል አድርጋ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ነው የሚወራው። እሷ ግን እንደ ሙያዋ ነገረችኝ። መጀመሪያ ያበሳጨችኝ ያኔ ነው።

ቀጥላ የምትፈልገውን በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ዲጄ አይኖርም። ማንም ሰው ሳይነገረው ስሙ አይጠራም። ተሳታፊው ከመምጣቱ በፊት የመግቢያው በር፣ የመጸዳጃ ቤቱና የሚቀመጥበት ወንበር ፎቶ ይላክለታል። ደረት ላይ በሚንጠለጠለው ባጅ ላይ አረንጓዴ የለጠፈ ሰው አናግሩኝ ማለቱ ነው፤ ቀይ የለጠፈ ደግሞ አሁን ተዉኝ ማለቱ ነው። ሰልፍ የሚያስጨንቀው ምሳው ጠረጴዛው ድረስ ይመጣለታል። ከአዳራሹ አጠገብም ወሬም ስልክም የማይገባበት አንድ ክፍል ይዘጋጃል።

"ይኼ ስብሰባ ነው ለቅሶ?" አልኳት ስንገናኝ።

"ለቅሶ ቤትማ ይጮኻል" አለች፣ ሳትስቅ።

አዳራሹን ላሳያት ወሰድኳት። አሥር ዓመት የሠራሁበት የሆቴል አዳራሽ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ወንበር እደረድርበታለሁ። እሷ ወንበር እየቀያየረች ተቀመጠች። አንዱ ጥግ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ "ይኼ መብራት ይርገበገባል፤ ይሰማዎታል ድምፁ?" አለች። አልሰማሁም ነበር። ካለች በኋላ ግን ሰማሁት፤ ከዚያ በኋላ ሳልሰማው የቀረሁበት ቀን የለም። "ምሳ ዓሣ ከሆነ ሽታው በየት በኩል ነው የሚመጣው?" ብላም ጠየቀች። አርባ ምንጭ ቁጭ ብሎ ስለ ዓሣ ሽታ የሚጨነቅ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሙያዬን ከእጄ የነጠቀችኝ መሰለኝ።

ሸማኔዎቹን ለመመዝገብ ዶርዜ ስትወጣ አብሬያት ሄድኩ። ግቢያችን በር ላይ፣ "ወንድሜ አይመጣም። አትድከሚ፤ እኔ እነግርሻለሁ ስለ እሱ" አልኳት።

"እሺ። ግን እሱንም ልጠይቀው" አለች።

የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ እየሠራ ነበር። እጇን አልዘረጋችም። ወረቀቷን አጠገቡ አስቀመጠችና ራቅ ብላ ተቀመጠች። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ስብሰባ ላይ ምን ያስቸግርዎታል? ምን ቢደረግ ይሻልዎታል? ወንድሜ መወርወሪያውን አስቀመጠ። እስክሪብቶ ጠየቀ። ከዚያ ጻፈ፣ ገለበጠው፣ በጀርባውም ጻፈ። እኔ ከእሱ ደብዳቤ የሚባል ነገር ደርሶኝ አያውቅም።

ከጨረሰ በኋላ ሁለቱ ስለ ክር ማውራት ጀመሩ። እርስ በርስ አይተያዩም፤ ሁለቱም ድሩን ነው የሚያዩት። የፋብሪካ ክር ሲታጠብ እንዴት እንደሚጨማደድ፣ የእጅ ፈትል ለምን እንደማይታዘዝ። ወንድሜ ሲስቅ ሰማሁ። እኔ ደጅ ላይ ጭጋጉ በነጠላዬ ውስጥ እየገባ ቆሜ ነበር። ማንም "እንዲህ ማለቱ ነው" በይልን አላለኝም። የተሰማኝን ነገር ስሙን ለራሴም ለመጥራት አፍሬ፣ ብርድ ነው አልኩ።

የጉባኤው ቀን ወንድሜ መጣ። ከሁሉ ቀድሞ፣ በፎቶ ባየው በር ገብቶ፣ በፎቶ ባየው ወንበር ላይ፣ መውጫው አጠገብ ተቀመጠ። ባጁ ላይ ቀይ ለጥፏል። ሰላም ልለው ስሄድ ቀዩን በጣቱ አሳየኝ፤ ተመለስኩ። ተናጋሪዎች ሲጨርሱ፣ ጩኸት እንዳይበዛ፣ ሰው በማጨብጨብ ፈንታ እጁን አንሥቶ ያውለበልባል። መጀመሪያ ሰው ተሳሳቀ፣ በኋላ ለመደው። ወሬ የማይገባበት ክፍል በር ላይ "የጸጥታ ክፍል" ተብሎ ተለጥፎ ስለነበር የሆቴሉ ዘበኞች ለፖሊስ የተዘጋጀ መስሏቸው ማንንም አናስገባም ብለው ቆሙ፤ "ማረፊያ" ተብሎ ተቀየረ። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ገብቶ አረፈ፣ ሦስት ጊዜም ተመለሰ። ሲመሽ ለእሷ "ነገም እመጣለሁ" አላት። ለእሷ። እኔ እዚያው ወንበር እያነሣሁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ልናገር። የታሸገ ውሃ የጫነ መኪና መጣ። ውሃውን ኩሽናው ጀርባ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ባዶ ቦታ ሞልቷል። እኔ ግን "እዚህ አስገቡት" ብዬ የማረፊያውን ክፍል አሳየሁ። እሽጉ በእሽግ ላይ ተጭኖ ክፍሉ ሞላ፤ ወንበሮቹ ተሸፈኑ። ምን እንደፈለግሁ አውቃለሁ። ወንድሜ መግቢያ አጥቶ እንዲወጣ፣ እሷም አልቻልኩም እንድትል ነበር። ከዚያ እኔ ከኋላው ሄጄ፣ ለምጄዋለሁና፣ አባብዬ ቤት እወስደዋለሁ።

ከሻይ በፊት ወንድሜ በሩን ከፍቶ ቆመ። እኔ ተከትዬው ነበር። አልሮጠም። አንዱን እሽግ አነሣና ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

"ማን ነው ያስገባው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ሌላ ቦታ የለም?"

መዋሸት እችል ነበር። "አለ" አልኩ።

"ታዲያ ለምን?"

"ቀንቼ ነው።"

"በማን?"

"በእሷ። ዕድሜ ልክህን የተሸከምኩህ እኔ፣ የመጣኸው ለእሷ!"

እሽጉን እንደያዘ አሰበ። ወንድሜ ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል፤ ያን ዕለት ሳላቋርጠው ጠበቅኩ።

"እሷ ጠየቀችኝ" አለ።

"እኔስ ስንት ጊዜ ና አላልኩህም?"

"ና ማለት መጠየቅ አይደለም። ያኔ አሞት ነው አልሽ። አላመመኝም ነበር። ሙዚቃው ነው።"

 ከዚያ ጨመረ፤ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ወሬ።

"የልጅሽ ሰርግ መጥቼ ነበር።"

"የት?"

"ከመንገዱ ማዶ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ልብሷን አየሁት፤ ጥለቱ ጥሩ ነው። ሙዚቃው ሲጨምር ባለ ባጃጁን እንሂድ አልኩት።"

ያ ሙዚቃ የእኔ ስፒከር ነበር። የተከራየሁት እንኳ አይደለም፤ የራሴ። ነጠላዬን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩና እሽግ ማንሣት ጀመርኩ። እሱ ጽሑፉ ወደ አንድ በኩል እንዲዞር እያደረገ ይደረድራል፤ እኔ አቀብለዋለሁ።

ልጅቷ በዚህ መሀል መጣች። "ምን ሆኖ ነው?" አለች። ሰበብ ልፈልግ አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ።

"እህቴ ቀንታ ያስገባችው ነው" አላት።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ልጅቷ ውሃውን አየች፣ ሰዓቷን አየች። "እሺ። እስከ አራት ሰዓት ተኩል ይለቀቅልኝ፤ ሌሎችም ይፈልጉታል" ብላ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ባለመቆጣቷም ቀናሁባት።

ከምሳ በኋላ ሸማኔና ገዢ ሁለት ሁለት ሆነው በትንንሽ ጠረጴዛ ተገናኙ። የወንድሜ ገዢ ሆቴል ያላት አንዲት ሴትዮ ነበረች። የያዘውን ጨርቅ ደጋግማ ዳሰሰችና፣ "ለመጋረጃ ይሆናል። በብዛት ልትሠራልኝ ትችላለህ?" አለችው። ወንድሜ ዝም አለ። ሴትዮዋ ጥቂት ጠበቀችና፣ እንደ ሁሉም ሰው፣ አጠገባቸው ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከንፈሬን ነከስኩ። "እሱን ነው የጠየቁት፤ ይመልስልዎታል" አልኩ። 

"ይህ ጥለት ሲበዛ እጅ ይሰለችና ይበላሻል" አለ ወንድሜ፣ ጠረጴዛውን እያየ። "ሁለት መስመር ቀንሼ ልሥራልዎት። መጋረጃ ከሩቅ ነው የሚታየው።"

እኔ ብሆን "ችግር የለም፣ ይሠራል" ብዬ እገላገል ነበር። ከዚያም በየሳምንቱ እየደወልኩ አስጨንቀው ነበር። ሴትዮዋ ሳቀችና "እውነቱን የሚነግረኝ ሸማኔ አገኘሁ" ብላ አዘዘችው። መጋረጃው አሁን ተሰቅሏል፤ አይቼዋለሁ።

ለሙዝና ማንጎ ነጋዴዎች ስብሰባ ሳዘጋጅ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች መመዝገቢያው ላይ ጨመርኩ። እጄ እምቢ እያለኝ ነው የጨመርኩት፤ የእሷ ናቸውና። ለዓመታት የማውቀው፣ አዳራሽ ሙሉ በቀልድ የሚያፈርስ ነጋዴ፣ "ፊደል ይደባለቅብኛል። ወረቀቱ ቀድሞ ለብቻዬ ቢነበብልኝ" ብሎ በሰው እጅ አስጽፎ አገኘሁት። እሱን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ሄጄ አነበብኩለት። የሚርገበገበውንም መብራት አስቀየርኩ። ስፒከሮቼን አልሸጥኩም፤ ሰርግ የሚፈልጋቸው አለ። ወንድሜም አንዳንዱን ዝግጅቴን ይመጣል፣ አንዳንዱን ይቀራል፤ ሲቀር ምክንያቱን ራሱ ይናገራል።

ቅናቴ ግን ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ልጅቷ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች ወዲህ ወንድሜ በቴሌግራም ድምፅ ይልክላታል። ለእኔ በሁለት ቃል የሚመልሰው ሰውዬ ለእሷ ረጅም ረጅሙን ያወራል። በቅርቡ እሑድ ዶርዜ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሲልክላት ሰማሁ። እስኪጨርስ ጠበቅኩና "ለእኔ ለምንድን ነው እንደዚህ የማታወራልኝ?" አልኩት።

"አንቺ ክር አትወጂም" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አልወድም። "ቢሆንም ንገረኝ" አልኩት። ድሩን አስጠግቶ፣ ከግራ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ ይነግረኝ ጀመር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰለቸኝ፤ ወገቤንም አመመኝ። እሱ አላቆመም። እኔም አልተነሣሁም፤ ፊቱን ሳላይ፣ እጁ የሚሄድበትን ብቻ እየተከተልኩ፣ እስኪጨርስ ተቀመጥኩ።