ታጥቦ የመጣው መኪና

«የኤሲውን ጋዝ ሙላለትና ይሂድ አልኩህ!»

«ሞልቼ የት ይሂድ? ያፈሳል እኮ! የተበሳ ጀሪካን ሙላ ነው የሚሉኝ።»

«ባለመኪናው ሙላ አለ፤ አንተ ምን ቤት ነህ?»

እንዲህ የሚጯጯሁት የጋራዡ ባለቤት አቶ ታደለና አባቴ ናቸው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከምሳ በኋላ የምውለው አዳማ፣ አባቴ የመኪና ኤሲ በሚጠግንበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሒሳብ እሠራለሁ። እስከ ዛሬ የማባዛት ሠንጠረዥ ሳስብ የተቃጠለ ዘይትና ፀሐይ የመታው ጎማ ይሸተኛል።

እኩዮቼ የዚያን ጊዜ አዳማን ሲያነሱ ሰዉ ሁሉ ሐቀኛ እንደነበር አድርገው ያወራሉ። አይዋጥልኝም። ያኔም ቢሆን ኤሲው አልቀዘቅዝ ያለ መኪና ሲመጣ ጋዝ ሞልቶ መሸኘት የከተማው ደንብ ነበር። ለሳምንት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ጋዙ በለመደው ቀዳዳ ይወጣል፤ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይሞላለታል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አባቴ ግን የሚያፈስበትን ቦታ ሳያገኝ አይሞላም ነበር። ጭቅጭቁም በዚህ ነው።

የዚያን ቀን ባለጉዳይ ጋሽ ሙሄ ነበሩ፤ ገበያ መሀል ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሳቅ የሚቀናቸው የወሎ ሰው። በማግስቱ ልጃቸውን ወደ ደራ ይድራሉ። ሙሽራዋን የሚጭነው የነጩ መኪናቸው ኤሲ በዚያው ወር ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሁለቴም ባዶ ቀርቷል። ታዲያ ወደ እኛ ሲያመጡት መጀመሪያ ላቫጆ አስገብተው፣ ሞተሩን ሳይቀር አሳጥበው ነው።

የአባቴ ደም የፈላው እዚህ ላይ ነው። የኤሲ ጋዝ በዓይን አይታይም፤ ሲወጣ ግን ጥቂት ዘይት ይዞ ይወጣል። አቧራ ደግሞ አዳማ ሞልቷል። ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፍና ጥቁር እርጥብ እድፍ ይሆናል። አባቴ ያንን እድፍ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር ቀዳዳውን የሚያገኘው። የእኛ አገር ባለመኪና ግን ቆሻሻ መኪና ለመካኒክ መስጠት ነውር ይመስለዋል፤ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ገላውን እንደሚታጠብ ሰው። እናም የሚፈለገውን ምልክት አሳጥቦ ይመጣል።

«ጋሽ ሙሄ፣ ምን አደረግኩዎት? ምስክሬን አጥበው አመጡልኝ!» አለ አባቴ።

«አይ ጌታሁን! ላንተ ክብር ብዬ እኮ ነው። ወላሂ እጅህ እንዳይቆሽሽ!»

«እጄ መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል?»

አባቴ ትንሽ ጋዝ ጨምሮ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ። ጋዝ የሚወጣበት ቦታ ካለ አረፋው እንደ ፊኛ ይነፋል። የአዳማ ነፋስ ግን አረፋውን ገና ሳይቀመጥ ያደርቀዋል። «ሚጡ፣ ነይ ከልዪልኝ» ብሎ ጠራኝ። ሸራ በሁለት እጄ ወጥሬ ቆምኩ፤ ነፋሱ ሸራውን ከእኔ ጋር ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረው። ቱቦውን ሁሉ አዳረሰ። አንድም ቦታ አልነፋም።

«ቆሞ አያፈስም፤ ሲናጥ ነው የሚያፈሰው። አቧራ መንገድ ላይ ልነዳው ነው» አለ።

አቶ ታደለ ሳቁ። «ላቫጆ ያጠበውን አንተ ልታቆሽሽ? ውጭ አራት መኪና ተሰልፎ! እሺ፣ ሂድ። ባዶ እጅህን ከተመለስክ ግን ቱታህን አውልቀህ ወደ ቤትህ።»

ቀልድ እንዳልሆነ እኔም ገባኝ። ቤታችን የሚበላው በዚያ ቱታ ነበር፤ ሌላ ሥራ የሚሰጠው ጋራዥ ደግሞ በቅርብ አልነበረም፤ አፉ ክፉ ነው ብለው ሁለት ጋራዦች አስቀድመው አባረውታል። እውነታቸውን ነው፣ አፉ ክፉ ነበር። አባቴ እጁን ለጋሽ ሙሄ ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበለ።

ወደ ወለንጪቲ ወጣን። ጋሽ ሙሄ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አባቴ መስኮቶቹን ዘግቶ ኤሲውን ከፈተው። አዳማ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት የሰማይ ቀለም ያህል የማይለወጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዳሽቦርዱ ጠባብ ቀዳዳ የወጣው አየር አንገቴን ሲነካኝ የእጄ ፀጉር ቆመ። ውጭ ሜዳው በፀሐይ ይርገበገባል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ይህን ያህል ብርድ የትም ሳንሄድ እዚሁ አጠገባችን እንደነበረ ማንም አልነገረኝም። ተናደድኩም፣ ሳቅኩም።

ወለንጪቲ ሳንደርስ አባቴ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እርሻዎቹ የሚገባውን ኮረኮንች ያዘ። ጋሽ ሙሄ መኪናቸው በተናጠ ቁጥር «ቀስ! የሙሽራ መኪና ነው!» ይላሉ። አቧራው ዋጠን። ቅዝቃዜው እየሳሳ ሄደ፤ ከዚያ ለብ አለ፤ ከዚያ እንደ ውጪው ሆነ። ጋሽ ሙሄ ፊታቸው ወደቀ። አባቴ ግን ማፏጨት ጀመረ።

አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ። አህያ የሚነዳ ገበሬ ቆም ብሎ በኦሮምኛ ምን እንደሆንን ጠየቀ። «ቀበና በርባና» አለው አባቴ፤ ቅዝቃዜ እየፈለግን ነው። ገበሬው በዚያ ፀሐይ አየን፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ አህያውን ነድቶ ሄደ።

ሞተሩ ዱቄት እንደነሰነሱበት ነጭ ሆኗል። በዚያ ሁሉ ነጭ መሀል፣ ጋዙን ከሚጨምቀው ኮምፕረሰር አጠገብ ቱቦው የሚገባበት መገጣጠሚያ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር እርጥብ ቦታ ነበረች። አባቴ ዳሰሳት፣ አረፋ ቀባት፣ እኔ ሸራውን ወጠርኩ። ቱቦውን ወዝወዝ ሲያደርገው አረፋው ተነፋ፤ ፈነዳ፤ ተነፋ። ቱቦውን የሚይዘው ብረት ላልቶ ኖሯል፤ መኪናው በተናጠ ቁጥር ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት ይከፍታታል። «አየሽ?» አለኝ። አየሁ። ጋሽ ሙሄ ደግሞ፣ «ለዚች?! ወር ሙሉ ያቃጠለችኝ ይቺ ናት?» እያሉ መሬቱን ረገጡት።

ተመልሰን አባቴ የቀረውን ጋዝ አወጣ፣ ቀለበቷን ቀየረ፣ ብረቱን አጠበቀ፣ እንደገና ሞላ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መኪናው ውስጥ የገባ ሰው ጃኬት ያምረው ነበር። ከተሰለፉት አራት መኪኖች ሦስቱ ግን ሌላ ጋራዥ ሄደዋል።

«አገኘህ፣ ጎበዝ ነህ» አሉ አቶ ታደለ። አሁን አይጮሁም፤ እሱ ይብሳል። «ከነገ ጀምሮ ግን ሙላ ያለህን ትሞላለህ። መፈለግ የለም።»

«ካልፈለግኩ እኔ ለምን አስፈለግኩ? መሙላቱን ሚጡም ትሞላዋለች።»

«ኧረ በአላህ! ሰርግ ይዤ አትጣሉብኝ!» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ዛሬ አዳማ ውስጥ ጋዝ ሲያሸት የሚጮህ መሣሪያ ያለው ጋራዥ አይጠፋም። ሸራ የሚወጥር አያስፈልግም፣ በጣት መዳሰስ ቀርቷል። ባለፈው ከሞጆ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ኤሲ ትኩስ አየር ይተፋል። ሹፌሩን ብጠይቀው «ሰኞ እኮ ነው ያስሞላሁት» አለኝ። የት ጋ እንደሚያፈስ አስፈትሾ እንደሆነ ስጠይቀው በመስታወቱ ውስጥ እንደ እብድ አየኝ። መሣሪያው መጣ እንጂ ደንቡ ያው ነው። ዘመዶቻችን አሁንም የአባቴን ነገር ያነሳሉ፤ አንድ ቀን እሺ ቢል ምን ነበረበት፣ ያን ሁሉ ወር ሥራ ከሚፈታ ይላሉ። ያን ዓመት ሽሮ እንኳ በልክ እንደነበር እኔም አልረሳሁም። ቢሆንም ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ እሺ በል ብዬ እጁን የምይዘው እኔ አልሆንም። የሚናፍቀኝ ዘመኑ አይደለም። የሚናፍቀኝ ያ ጥቁር ጣቱ ነው።

ያን ቀን፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ አባቴ የቱታውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለው። በካናቴራና ከሥር በለበሰው ሱሪ ሲቀር ክንዶቹ ቀጭን መሆናቸውን ያኔ አየሁ።

«ሚጡ፣ ደብተርሽን ያዢ» ብሎ ወጣ።

«ጌታሁን! ቀልቤን አትግፈፈው፣ ጠዋት ትመጣለህ!» አሉ አቶ ታደለ። እሱ አልዞረም። ደብተሬን ብብቴ ውስጥ አደረግኩና ተከተልኩት። ደፉ ላይ ስደርስ ከኋላዬ፣ «አንቺ፣ በሩን ክፍት ተይው፣ ደንበኛ ይመጣል» አሉኝ።

የቆርቆሮውን በር በሁለት እጄ ይዤ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ዘጋሁት።