እትዬ መርፌ ወለሉን የፈሩ ጊዜ

ስማቸው ሌላ ነው። ሰፈርተኛው ግን ገና በወጣትነታቸው «መርፌ» አላቸውና በዚያው ቀረ፤ ቅጥነታቸውም፣ ሙያቸውም፣ ምላሳቸውም ለስሙ የተሰፋ ነበር። ፀጉራቸው ሲሸብት «እትዬ» ተጨመረበት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በልብስ ስፌት ሱቃቸው ጓዳ ነው፤ ከፊት የስፌት መኪናው፣ የመተኮሻ ጠረጴዛውና የጨርቅ መደርደሪያው፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋቸው። አንዲት ልጃቸው በከተማው ሌላ ጫፍ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላ ያልለመነቻቸው ጊዜ የለም። «ገና በሁለት እግሬ ቆሜ ሰው ቤት ምን አስገባኝ!» ይሏታል።

እትዬ መርፌ ሞትን ያን ያህል አይፈሩም ነበር። የሚፈሩት መውደቅን ነው። ያለ ምክንያትም አልነበረም። ታላቅ እህታቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ገባች፤ አጥንቱ ተጠገነ ተባለ፤ ሰው ሁሉ እንኳን ተረፍሽ ሲላት ከርሞ፣ እሷ ግን ከአልጋዋ ሳትነሳ እንደ ሻማ ቀልጣ አለቀች። ከዚያ ወዲህ እትዬ መርፌ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ለጎረቤት ሰጡ፤ ነጠላ ጫማ ማድረግ ተዉ፤ ዝናብ የጣለ ቀን ከደጃፋቸው ንቅንቅ አይሉም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ መምጣቱስ አልቀረም። የመጣው ግን ከዝናቡም ከምንጣፉም አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ካፖርት እየተኮሱ ሳለ፣ ከመደርደሪያው ላይ የሳቲን ገበር ጥቅል ተንሸራቶ ወረደና ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ላንሳው ብለው ካውያውን ትተው ዞር አሉ። ቀኝ እግራቸው ሳቲኑን ረገጠ፤ እግሩ ወደፊት ሄደ፣ እሳቸው ወደ ጎን። ሲወድቁ አንድ ድምፅ ሰሙ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ምንድን ነው ብለው ሳይጨርሱ ሕመሙ መጣ።

አንገታቸውን ቀና አድርገው እግራቸውን አዩት። ቀኙ ከግራው አጥሮ፣ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረው፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ተጋድሟል። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሱሪ ለክተው ያሳጠሩ ሴት ናቸውና እግር ሲያጥር አይጠፋቸውም። «እንደ እህቴ» አሉ በሆዳቸው።

ወዲያው ደግሞ የተቃጠለ ሱፍ ሸተታቸው። ካውያው! ካፖርቱ ላይ በፊቱ እንደተደፋ ትተውታል። ገመዱን ቢስቡ ከነግለቱ አናታቸው ላይ ሊወርድ ነው፤ ሶኬቱ ግድግዳው ሥር ነው፣ እጃቸው ግን አይደርስም። በክርናቸው ሲሚንቶውን እየቧጠጡ ተሳቡ። በእያንዳንዷ ስንዝር ነፍሳቸው ወጥታ ትመለሳለች። ሶኬቱን ጨብጠው ሲነቅሉት ላብ አጥምቋቸው ነበር። ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ ጥለው ጮኹ።

ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ጆሮው ከከዳው ቆይቷል፤ ሬዲዮውንም ሰፈር እስኪደነቁር ነው የሚከፍተው። ቢጮኹ ማን ሰምቶ! ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር። እዚሁ፣ ከክር ቁርጥራጭና ከቁልፍ መሀል፣ ሰው ሳያየኝ ልቀር ነው ብለው አሰቡ። በመጨረሻ ያዳናቸው የጫማ ሰፊው አፍንጫ ነው።

«እትዬ መርፌ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል...» እያለ በሩን ከፈተና ክው አለ። «ውይ! ምን ሆኑ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ወለሉን እየለካሁ ነዋ!» ይሉት ነበር። አሁን ግን ከአፋቸው የወጣው ሌላ ነው። «አትንካኝ! ወንድሜ፣ በፈጠረህ እንዳትነካኝ!»

አልነካቸውም። የራሱን ካፖርት ከላያቸው ጣል አድርጎ፣ አምቡላንስ ጠርቶ፣ ለልጃቸው ደውሎ፣ እስኪመጡ ድረስ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። 

ሆስፒታል ራጅ ከተነሱ በኋላ ሐኪሙ የጭናቸው አጥንት ከዳሌው ሥር መሰበሩን፣ ሳይውል ሳያድርም ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንዳለባቸው ነገራቸው። ልጃቸው ሐኪሙን ተከትላ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እትዬ መርፌ ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ።

«ዶክተር፣ እውነቱን ንገረኝ። ትነሳለች?»

«ብዙዎቹ ይነሳሉ። እንደ ድሮው የማይራመዱም አሉ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ዓመት የማይሞላቸውም አሉ፤ ልዋሽሽ አልችልም። ቀዶ ሕክምናውን ቶሎ ሠርተን ቶሎ ብናስነሳቸው ነው የሚሻለው።»

እትዬ መርፌ ከዚህ ሁሉ ንግግር የቀረላቸው «ዓመት የማይሞላቸው» የምትለዋ ብቻ ነበረች። ልጃቸው ዓይኗን ጠርጋ፣ ፈገግ ብላ ስትመለስ፣ እሳቸውም የተኙ መሰሉ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከተሰቀለው ጉሉኮስ ነጭ ክር ሲወርድ ታያቸው። ክሩ እግራቸውን ከፍራሹ ጋር ይሰፋል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ የማይፈታ ስፌት። አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት መጥታ እጃቸውን ያዘች። «መቀሴን የሰረቅሽኝ አንቺ ነሽ!» ብለው ጮኹባት። አጠገቧ የቆመች ሌላ ሴት፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች። ፊቷን አያውቁትም። «እናትሽ አይደለሁም፤ ከሱቄ ውጪልኝ!» አሏት። ሴትየዋ ፊቷን በእጇ ሸፍና ስታለቅስ እንኳ አንጀታቸው አልራራም።

በማግስቱ ያቺ ሴት የገዛ ልጃቸው መሆኗን ሲያውቁ ከስብራቱ የባሰ ድንጋጤ ወደቀባቸው። «አእምሮዬ ሄደ ማለት ነው?» አሉ በሹክሹክታ። «እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?»

ነርሷ ትራሳቸውን እያስተካከለች፣ «በዕድሜ የገፋ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ ይቃዣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል እማማ» አለች። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ ዞር አደረገችላቸው፤ ልጃቸው መነጽራቸውን ከቤት አመጣች። ቅዠቱ ለቀቃቸው፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ዓይናቸውን በከደኑ ቁጥር ክሩ የሚመለስ ይመስላቸዋል።

የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ መደገፊያ ብረት እየገፋች ስትመጣ «ወጌሻዋ መጣችብኝ» ይላሉ። ወጌሻዋ ደንደን ያለች፣ ሳቂታ ወጣት ናት። «እትዬ፣ ዛሬ እንቆማለን» ትላለች። «ነገ» ይላሉ። በነጋታውም «ነገ» ነው። ከአልጋው ጠርዝ ወለሉን አጮልቀው ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ሳቲን ይመስላቸዋል፤ ልባቸው ቀጥ ትላለች።

በዚህ ላይ ግብረ አበር አገኙ። ከጎናቸው የተኛችው ዳቦ ጋጋሪ ሴት ናት፤ እሷም ዳሌዋ ተሰብሮ ነው የመጣችው። ወፍራም፣ ተጨዋች፣ ትንሽ ትንሽ የምታስል። የወጌሻዋን ኮቴ ስትሰማ፣ «እህቴ፣ መጣች! ተኚ ተኚ!» ትላለች፤ ሁለቱም አንሶላቸውን ወደ ላይ ስበው ያንኮራፋሉ። ወጌሻዋ ስትሄድ እንደ ተማሪ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ልጃቸው ተቆጣች። «እማዬ፣ በራስሽ ላይ ነው የምትጫወቺው!» እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሳሏ እየባሰ ሄደ። አንድ ጠዋት ቀልድ ተወች። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ የሚፈላ ውሃ ያለ ይመስላል፤ ከንፈሯ ጠቆረ። «እህቴ፣ አየር አጠረኝ» አለች። እትዬ መርፌ ደወሉን ተጭነው አለቀቁም። ነርሶች በሩጫ መጡ፤ ሳንባ ምች ሲባባሉ ሰሙ፤ አፏ ላይ ኦክስጅን አድርገው ከነአልጋዋ እየገፉ ወሰዷት። ስትወጣ እጇን ከአንሶላው ሥር አውጥታ ነበር፤ ደህና ሁኚ ለማለት ይሁን የእሳቸውን እጅ ለመያዝ አልታወቀም።

ሲመሻሽ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ የዳቦ ጋጋሪዋን ኮመዲኖ ባዶ አደረገች፤ ማበጠሪያዋን፣ ጫማዋን በፌስታል ከተተች። እትዬ መርፌ፣ «የት ተኛች? ሌላ ክፍል ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች።

እትዬ መርፌ ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሳቸው እንኳ በደንብ አያስታውሱትም። «ጥሩልኝ! ያቺን ወጌሻ ጥሩልኝ!» እያሉ ሲጮኹ መላው ዋርድ ሰምቷል። ወጌሻዋ ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ ነበር፤ ተመለሰች።

«አስነሺኝ።»

«እትዬ፣ ይረጋጉ፤ ነገ ጠዋት...»

«ነገ አትበዪኝ! ነገን ጠግቤያታለሁ። አሁን አስነሺኝ።»

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። ጠርዝ ላይ ስታስቀምጣቸው ክፍሉ ዞረባቸው። መደገፊያውን ጨበጡ። «እንዳትለቂኝ። እንዳትለቂኝ ልጄ።» «አለሁ፣ አልለቅዎትም።» ቆሙ። ስለት የሚመስል ሕመም ከዳሌያቸው እስከ ጉልበታቸው ወረደ፤ እትዬ መርፌ በሕይወታቸው ተናግረውት የማያውቁትን ስድብ ተሳደቡ፤ ከማዶ ያለች በሽተኛ «ውይ በስማም!» አለች። ወንበሩ ላይ ሲደርሱ አለቀሱ። ማንን እንደሚያለቅሱ፣ ዳቦ ጋጋሪዋን ይሁን እህታቸውን ይሁን ራሳቸውን፣ አልለዩትም።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሱቁ ጓዳ ቀረና ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት ተተክሎላቸዋል፤ ደረጃ የማያስወጣ ክፍል ተሰጥቷቸዋል። ትንሽ ሰንበት እንዳሉ አንድ ማለዳ ቀኝ ባታቸው አብጦ፣ ሞቆ፣ ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጥሮ አገኙት። ወዲያው ካልሲያቸውን ሳቡበት። ከተናገሩ ተመልሰው ያንን ዋርድ ሊገቡ ነው፤ ያንን ባዶ አልጋ ሊያዩ ነው። ልጃቸው ቁርስ ስታቀርብ «እንዴት አደርሽ?» አለቻቸው። «ደህና» አሉ። ቢጎርሱም አልዋጥ አላቸው። ልጅቷ ገበያ ልትሄድ ቁልፏን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ነይማ» አሉ። «እግሬን እይልኝ።»

ያየችው ጊዜ ፊቷ አመድ ሆነ፤ የመድኃኒት ቤት ሰው ናትና ምን እንደሆነ ገብቷታል። የረጋ ደም ነበር። ከባት ተነስቶ ሳንባ ቢደርስ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው፤ በጊዜ ስለደረሱ በደም ማቅጠኛ ተመለሰ። ልጃቸው ከሆስፒታል ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ እጃቸውን ይዛ፣ «ብትደብቂኝ ኖሮስ እማዬ?» ትላቸው ነበር። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። «ልደብቅሽ ነበር» አሏት በመጨረሻ።

አሁን እትዬ መርፌ መስኮት ሥር ተቀምጠው የእጅ ስፌት ይሰፋሉ፤ የቆዩ ደንበኞች አልተዋቸውም። ያለ መደገፊያ አይሄዱም፤ ምናልባትም ወደፊት አይሄዱም። ልጃቸው እሳቸውን ለማስታመም የወሰደችውን ረጅም ፈቃድ ጨርሳ ሥራ በገባችበት የመጀመሪያ ቀን ብቻቸውን ቤት ዋሉ። መጸዳጃ ቤት ፈለጉ። ጥቂት ቆዩ፤ ኋላ ግን ግድ ሆነ። መደገፊያውን ያዙ፤ አንድ እግራቸውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ግድግዳውን በትከሻቸው እየታከኩ፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ ሄዱ። ደረሱ። ተመለሱም። ወንበራቸው ላይ ዝርፍጥ ሲሉ ቀሚሳቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ? ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ተቀምጫለሁ» አሏት፤ በሌላው እጃቸው መደገፊያውን ጥብቅ አድርገው ይዘው። «መቼ ነው የምትመጪው?»