ኩሽና ቆመው የሚበሉት ሁለቱ

የምላስ ካንሰር ይዞኝ ጨረር የምወስድ ጊዜ፣ ከሰበታ አዲስ አበባ በሚኒባስ እመላለስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አፌ ቆሰለ፣ ምራቄ ደረቀ። ቃሪያ ካልነከስኩ የበላሁ የማይመስለኝ ሴትዮ በአጥሚት ብቻ ቀረሁ። ሐኪሟ ደግሞ ጥብቅ ናት። "የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ይጉመጥመጡና እያመመዎትም ቢሆን በየቀኑ ይዋጡ፤ ጉሮሮ ከቦዘነ መዋጥ ይረሳል። ከዚህ በላይ ከከሱ በአፍንጫዎ ቱቦ ልናስገባ ነው" አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ቱቦውን ከበሽታው አብልጬ ፈራሁት።

ፈራሁ እንጂ አልጠጣሁም። መኝታ ቤት ብቻዬን ከአጥሚቴ ጋር እፋጠጥና ሁለቴ ፉት ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ባሌንና ልጄን "ምሳ በላችሁ?" ስላቸው ሁልጊዜ "በልተናል" ነው መልሱ። መቼና የት እንደሚበሉ ግን አይቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ የወጥ ሽታ ተከትዬ ኩሽናውን ከፈትኩት። ሁለቱም ቆመው ይበላሉ። ባሌ ጉንጩ እንደተወጠረ ሳህኑን ከጀርባው ደበቀ። ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰውዬ ገና ዛሬ ሌባ ሆኖ ተያዘ።

"ምን ሆናችኋል እናንተ?" አልኩ።

ልጄ አቀረቀረች። "እማዬ፣ አንቺ ሳትበዪ ፊትሽ መብላት ነውር ነው ብለን ነው።"

ነውር መሆኑንማ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

"ካንሰሩ ያለው ምላሴ ላይ ነው። ከገበታ ማን አስነሳኝ?" አልኳቸው። ለካ ከረሃቡ ይልቅ የጎዳኝ ብቻዬን መቀመጡ ኖሯል።

ምግቡ በትሪ ሆኖ ሳሎን ገባ። እኔም አፌን በመድኃኒቱ ተጉመጥምጬ፣ አጥሚቴን ይዤ መሃላቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም ብለው ይቆነጥራሉ። ወጡን አየት አድርጌ "ጨው በዝቶበታል" አልኩ።

"ሳትቀምሺው?" አለች ልጄ።

"መልኩ ያስታውቃል።"

ባሌ ስቆ ትን አለው። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን፤ ስለ ጨው፣ ስለ አከራያችን በግ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስለተጣሉት ሴቶች ስንከራከር ምሳው አለቀ።

ድንገት ባሌን ሳየው ዓይኑ ኩባያዬ ላይ ነው። እኔም ዝቅ ብዬ ሳይ ባዶ ነው። መቼ እንደጠጣሁት አላውቅም።

ባሌ ተነስቶ ኩባያዬን ሞላልኝ፤ ሲመለስም ከገበታው እንዳልርቅ ይመስል ባዶውን ትሪ ወደ እኔ ጠጋ አደረገው።