ቀድሞ መክፈል

ነርስ ሆኜ የተመረቅሁት በሰው አገር፣ በመንግሥት ብድር ነው። ሕጉን የነገረችን የኮሌጁ አማካሪ ነበረች፦ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት ፉል ታይም እየሠራ፣ እንደ ገቢው በተወሰነለት መጠን አንድ መቶ ሃያ ወር የከፈለ ሰው የቀረው ዕዳ ይማርለታል። ዐሥር ዓመት ማለት ነው። እኔም ሴንት ፖል ውስጥ እንዲህ ያለ ድርጅት የሚያስተዳድረው የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠርኩ። ኤደን ፕሬሪ ያለ አንድ ኩባንያ የተሻለ ደመወዝ ይዞ ቢጠራኝም አልሄድኩም። ባለቤቴ እልኸኛ ነሽ ይለኛል፤ አልተሳሳተም።

ክፉ አመሌ ዕዳ አለመውደዴ ነው። ስኔሊንግ አቬኑ ላይ ካለ አንድ ምግብ ቤት፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ የምንሰበሰብ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ዕቁብ ነበረን። መዋጮው ከብድሬ የወር ክፍያ ጋር እኩል ነበር። ስለዚህ በዓመት አንዴ ዕጣው ሲደርሰኝ ገንዘቡን እንዳለ ለብድሩ አስገባና የዓመቱን ባንድ ቀን እገላገላለሁ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣው ቢል ዜሮ ይላል። ዜሮውን ባየሁ ቁጥር ጨዋ ተበዳሪ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

መኩራት ብቻ መች በቃኝ፣ ብልሃቴን ለሌላም አስተማርኩ። ከዕቁብተኞቹ አንዷ በዕድሜ የምታንሰኝ፣ የመንግሥት ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ስለምታሳድግ ቅዳሜና እሑድ በሽተኛ ቤት እየሄደች ሌላ ሥራ ትሠራለች። ብድሩ በተማረላት ማግስት ያንን ሥራ ትታ ከልጆቿ ጋር ልትውል ቆርጣለች። እንደኔው እየከፈለች ስድስት ዓመት ሞላት።

የኔ ዐሥር ዓመት ሲሞላ አመለከትኩ። በደብዳቤ የመጣልኝ መልስ ከመቶ ሃያው የተቆጠረልኝ ዐሥር ወር ብቻ ነው ይላል። መቶ የሚለው ቃል የተዘለለ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ዳር መኪናዬን አቁሜ ብድሩን ወደሚያስተዳድረው ኩባንያ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሑት ነበር።

"የሚቆጠረው ቢል ወጥቶበት የተከፈለ ወር ነው። ቢልዎ ዜሮ በሆነበት ወር ከፍለዋል አይባልም" አለኝ።

"ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ገብቷል እኮ።"

"ገብቷል። እናመሰግናለን።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ተመልሶ የሚለቀም አልነበረም። ዐሥር ዓመት ሙሉ በየወሩ ስከፍል ኖሬያለሁ፣ ግን ለዕቁባችን ዳኛ ነው። ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን አፈርኩ። የራሴን ለባለቤቴ ነገርኩና አለፈ። የልጅቷ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ዕጣው ለእሷ ወጣ። ጭብጨባው ሳያልቅ ወደኔ ዞራ፣

"ነገ ጠዋት ሙሉውን ሴንድ አደርገዋለሁ እትዬ" አለችኝ።

ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ በስልክ የተባልኩትንም ነገርኳት። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው።

"እኔም እንደዚሁ ነኝ ማለት ነው?"

"እንደዚሁ ነሽ። ስድስት ወር ቢቆጠርልሽ ነው።"

"ያኔ ስትመክሪኝ ሕጉን አንብበሽው ነበር?"

አላነበብኩትም። አማካሪዋ የነገረችን ይበቃል ብዬ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት፤ ይቅር በይኝም አልኳት። ደብዳቤውን እንደነበረው አጥፋ መለሰችልኝ፤ የዕቁቡንም ገንዘብ ሳትቆጥረው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስልኳን አውጥታ ሰዓት አየች።

"ሺፍቴ ደርሷል" አለችና ወደ ሁለተኛው ሥራዋ ሄደች።