አማቴ ያነጡት መጥበሻ

አማቴ ከጎጃም አሶሳ ድረስ የመጡት ባሌን ይዘው ለመመለስ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ሴት ነጋሪ አያስፈልጋትም። ግቢያችን እንደገቡ የቀርቀሃውን አጥር፣ የጭቃውን ወለል፣ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩና ወደ ልጃቸው ዞረው «ከሳህ» አሉ። አለቀ።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው። ባሌ ከሌላ አገር ተመድበው ከመጡት ሠራተኞች አንዱ ሲሆን፣ ቢሮው የሰው መኖሪያ ቤት ተከራይቶ ስለነበር ሦስት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ይፈራረቃሉ። እኔ በድርቁ ጊዜ ከወሎ አምጥተው እዚህ ያሰፈሯቸው ሰዎች ልጅ ነኝ። አማቴ ይህን አልወደዱም። «የሰፋሪ ልጅ፣ አገር የላት» ብለው ለልጃቸው ሲነግሩት በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። ባሌ ምን መለሰ? ምንም! ደግ ሰው ነው፤ እናቱ ፊት ግን ምላሱ ይተሳሰራል። አገራቸው ዝውውር ተገኝቶለታል ተባለ። «ለጊዜው ብቻዬን ሄጄ ነገሩን ላጣራ» አለኝ። ላጣራ ብሎ ሄዶ የቀረ ስንት ባል አለ!

በዚያን ጊዜ ለቢሮ ሠራተኞች ቁርስ እሸጥ ነበር። ሁሉን የምሠራው በአንድ ወፍራም የብረት መጥበሻ ነው። የሰፈራ ጣቢያው የጋራ ወጥ ቤት ሲዘጋ ዕቃው ለሰው ተከፋፍሎ ለእናቴ የደረሳት እሱ ነው፤ እናቴ ስትሞት ለእኔ ቀረ። ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። ጥቁረቱ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ዘይት እሳት ላይ እየደረቀ በዓመታት ያበጀው ቆዳ ነው። እንቁላል ስሰብርበት ተንሸራቶ ሳህን ላይ ይወርድልኛል።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። መጥበሻዬ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። በአመድና በአሸዋ ፈግፍገው ፈግፍገው አንጥተውታል!

«አበራሁልሽ እኮ!» አሉ። «የሰው ልጅ የሚበላበት ዕቃ እንዲያ ጠቁሮ!» ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። ከመጡ ጀምሮ ለእኔ ብለው ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር ነው።

እኔ ግን እሳት ጎረስኩ፣ እሳት ለበስኩ። «የእናቴን ዕቃ ማን ንኪ አለሽ!» አልኩ። አዎ፣ አንቺ አልኳቸው። «ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው! ልጅሽን ትወስጂያለሽ፣ መጥበሻዬን ትገፍፊያለሽ፣ የእኔን ቆዳስ ምነው ተውሽው!» ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። አማቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ሰምቶ ኖሮ «በቃ፣ አበላሸሽው» አለኝ። እኔም በቃ፣ ሄደ አልኩ።

ክረምት ነበር። ሲነጋ መጥበሻው ዝጎ ቀይ አፈር መስሏል። እንደምንም አጥቤ እንቁላል ብሰብርበት ሙጭጭ ብሎ ቀረ። ቁርስ በሊዎቹ ሳቁብኝ። እነሱን ሸኝቼ ከሰል አቀጣጠልኩና ዝገቱን በጨውና በዘይት አሸሁት። ሳሙና ሳላስነካ በሙቅ ውሃ ለቅልቄ እሳት ላይ አደረቅሁት። ከዚያ የኑግ ዘይት በጨርቅ ቀብቼ፣ የቀባሁትን መልሼ ጠርጌ፣ ከሰሉ ላይ ደፋሁት። ጭሱ ሲያልቅ እንደገና መቀባት ነው።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ኋላ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ይሄማ ማሟሸት ነው» አሉ። «የሸክላውን ምጣድ እኛስ በጎመን ዘር እናሟሸው የለ? ብረት ይሟሻል ብሎ ማን ነግሮኝ!»

«መች ጠየቁኝ?» አልኩ፤ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

«ጮኸሽ ነገርሽኝ አይደል!» አሉና ጨርቁን ከእጄ ወሰዱ። «ደግሞ ዘይት ታበዢያለሽ፤ ያጣብቃል።»

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲያ ቁርስ በሊዎቹ ሲሄዱ እሳቸው ይቀባሉ፣ እኔ እሳቱን አያለሁ። እጅ ሲሠራ አፍም ይፈታል። እናቴ የት እንደተቀበረች ጠየቁኝና ነገርኳቸው። እሳቸውም ስለ ትልቁ ልጃቸው ነገሩኝ። ወታደር ሆኖ ሄዶ ቀረ። ጦርነቱ አብቅቶ የሌላው ሰው ልጅ ሲገባ የእሳቸው አልገባም፤ መርዶም አልመጣላቸው። ባሌ እናቱን እምቢ ማለት ለምን እንደሚያቅተው ያኔ ገባኝ። ገባኝ እንጂ ባሌን እንኩ አላልኩም!

መጥበሻው እየጠቆረ መጣ። እንቁላሉ መንሸራተት የጀመረ ዕለት አማቴ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። በማግስቱም «በሉ፣ ልሂድ» አሉ። ባሌ ልብሱን ቦርሳ ውስጥ ከተተ። ሸሚዙን ያጠፍኩለት እኔ ነኝ።

መናኸሪያ አማቴ ተሳፍረው መስኮት ዳር ተቀመጡ። ባሌ ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብለው «ቆይ፣ አንተ ወዴት ነህ?» አሉት።

«ልሸኝሽ ነዋ፣ እማዬ። ነገሩንም ላጣራ።»

«ምንም የሚጣራ የለም። ለብረት እንዲያ የጮኸች አንተን ብወስድባትማ ምን ልትሆን ነው? ግባ ወደ ቤትህ።»

ባሌ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። እኔ ደግሞ የፈለግሁትን አገኘሁ፣ እልል ማለት ነበረብኝ። መኪናው ሞተሩን ሲያስነሳ ግን ሮጬ መስኮቱን ያዝኩ። ባዶ ቤት ብቻቸውን መግባታቸው ነው እኮ!

«ይውረዱ እማማ! በሞቴ ይውረዱ! እዚሁ ከእኛ ጋር ይኑሩ!» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

እጄን ያዝ አድርገው ሳሙት።

«ያኛው ልጄ የመጣ ዕለት ቤቱን ዝግ ያግኘው?» አሉኝ።

መስኮቱን ለቀቅሁ። አውቶቡሱ ሄደ።