«መጣሁ» ብሎ መሄድ

ሐበሻ በስልክ «መጣሁ» ካለህ መቀመጫህን ፈልግ። ባለፈው ቅዳሜ ዌስተርቪል ከተማ አንድ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ አልነሳ ብትለኝ፣ አንድ ወዳጄ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ከሰዓት በኋላዬን በላው። እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ እየተራገምኩ ሳለ፣ ይህን ቃል ያከበረልኝ አንድ ፍጡር ትዝ አለኝ፤ የልጄ የሊያ ውሻ፣ ማክስ።

ሊያ ያመጣችው በኮሮናው ጊዜ፣ ሁላችንም ቤት በተዘጋንበት ወራት ነው። ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሶፋ ላይ ይተኛል እንዴ? አልኩ፤ ማን ሰማኝ! ሁልጊዜ ሰው አጠገቡ ስላለ ብቻውን መዋልን ሳያውቅ አደገ። እኔ ወደ ዌርሃውስ ሥራዬ፣ እሷ ወደ ኮሌጇ ስንመለስ ጉድ ፈላ። በሩ ከመዘጋቱ ማላዘን ይጀምራል። ሙሾ በሉት። የበሩን እንጨት ቧጥጦ ቧጥጦ ጥፍሩ ደማ። ሊያ የላስቲክ መጫወቻው ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ ሞልታ ትተውለታለች፤ ስንመለስ እንዳለ ነው። ቋንጣ ጣልኩለት፤ አልነካውም። ቋንጣ እንቢ ያለ ውሻ ያኔ አየሁ።

የአፓርትመንቱ ኃላፊ በራችን ድረስ መጥታ ቁርጡን ነገረችን፤ ጎረቤት ዳግመኛ ካማረረ ውሻው ይወጣል። ወደ መጣበት የውሾች ማቆያ መመለሱ ነው። ሊያ አለቀሰች።

የእንስሳት ሐኪሟን ጠይቃ መጣች። መፍትሔው ለአፍታ መውጣት፣ መመለስ፣ ቀስ በቀስ ማራዘም ነው አለች። «ስትወጣ ደግሞ አታካብድ፣ አባ። ደህና ዋል ምናምን የለም። ጀስት ጎ፤ ዝም ብለህ ውጣ።»

የእኔ እግር ግን አፌ ሳይናገር ደጃፍ አይሻገርም። እጀታውን ይዤ «መጣሁ» አልኩት።

«ምን አልከው?»

«መጣሁ።»

«እየሄድክ ነው እኮ! መጣሁ የሚለው የመጣ ሰው አይደል?»

«ቶሎ እመለሳለሁ ማለት ነው።»

«ዛት ሜክስ ኖ ሴንስ!»

«ላንቺ ነዋ። እሱን ጠይቂው።»

እንዲህ ሆነን የበረዶውን ወቅት ከረምን። መጣሁ ብዬ እወጣለሁ፣ መጥቼ እገባለሁ። ቆሻሻ ልጥል፣ የመኪናዬን በረዶ ልጠርግ፣ ኋላ ላይ ሚነርቫ ፓርክ ድረስ ነድቼ ልመለስ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ ያየኝ ሁሉ ሌባ ሳልመስለው አልቀረሁም።

አንድ ጠዋት ቸኩዬ ቃሉን ሳልል ወጣሁ። ደረጃው ጋ ሳልደርስ ሙሾው ተነሳ። ተመልሼ በሩን ገርበብ አደረግኩና «መጣሁ» አልኩት። ዘጋሁ። ጸጥ አለ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ፊደል የለየሁት ጎልምሼ ነው፤ ወረቀት ላይ ዝም ያለ ቃል ድንገት ሲናገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ጀርባዬ ይሄዳል፣ አፌ መጣሁ ይላል። ማክስ በዓይኑ ያየውን ትቶ የሰማውን አመነ። እኔ ከሰው ይህን አላገኘሁም፤ እኔም ለሰው አላደረግኩትም። እግዜር ይህን ያህል እምነት ባለጭራ ውስጥ ለምን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ሁለታችንም ሥራና ትምህርት ውለን የተመለስንበት ቀን መጣ። ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ መተላለፊያው ላይ አግኝቶን፣ «ውሻውን ለሰው ሰጣችሁት እንዴ?» አለ። ሊያ ሳትመልስለት በሩን ከፈተች። ማክስ ከሶፋው ወርዶ ተንጠራራ። መጫወቻው ተልሶ ነጽቷል።

አሁን ሊያ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር የራሷን ቤት ይዛ ወጥታለች፤ ውሻውም አብሯት ሄዷል። እሑድ ጠይቄያቸው ልሄድ ስነሳ በሩ ጋ ቀድሞኝ ይቆምና አፌን ያያል። «በቃ መጣሁ በለውና ሂድ፣ አባ» ትለኛለች። አልለውም። በዚያ ቀን አልመለስማ። ጎንበስ ብዬ «ደህና እደር፣ ጋሼ» እለዋለሁ።

ትንሽ ያላዝናል። ያላዝን። ውሸታም ነው ብሎ ዝም ከሚለኝ ይሻለኛል።